የማን ዓይን ነው?
በከተማው ክፍላችን ስለተሰቀሉት የእርሳስ ሥዕሎች

በአሊ አዴና በሆልሆል የምትገኙ መምህራንና ተማሪዎች እዚህ ጅቡቲ ከተማ ድረስ መጥታችሁ ለማየት እንደማይመቻችሁ እናውቃለን። ስለዚህ የቅዳሜ ጠዋት የሥዕል ተማሪዎቻችን ሠርተው በክፍላችን ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን አይተን፣ ያየነውን ልንጽፍላችሁ ተነሣን። "ጎበዞች፣ በርቱ" ብለን ብቻ እንዳንዘጋው ግን አስበንበታል። ለማመስገን ብቻ ከሆነ ወረቀትም ቀለምም ባይባክን ይሻላል። ቅር የሚለው ተማሪ ወይም መምህር ካለ በሚቀጥለው እትም መልሱን ይጻፍ፤ ገጹ ክፍት ነው።

የተሰቀሉት ሥዕሎች 31 ናቸው፤ ሁሉም በእርሳስ የተሠሩ። ከእነዚህ ውስጥ 19ኙ ዓይን ናቸው። ፊት አይደለም፣ ሰው አይደለም፣ ዓይን ብቻ። ያውም ከሁለቱ አንዱ። ከላይ ቅንድብ፣ ረጃጅም ሽፋሽፍት፣ በመሀል ብሌን፣ ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ፣ ከዓይኑ ጥግ ደግሞ አንዲት የእንባ ዘለላ። መጀመሪያ የገባ ሰው "ወይ ጉድ! ፎቶ ነው እንዴ?" ማለቱ አይቀርም፤ እኛም ብለናል። ከአንድ ዓመት በፊት እነዚሁ ልጆች ዓይን ሳሉ ሲባሉ ዓሣ የሚመስል ቅርጽ አውጥተው መሀሉ ላይ ክብ ያስቀምጡ ነበር። ዛሬ ጥላው ሳይቆራረጥ ወደ ብርሃኑ ሲሄድ፣ እንባው ሲያብረቀርቅ ስናይ ትዕግሥታቸው ያስደንቃል። ላብ ከክንድ ወደ ወረቀት በሚንጠባጠብበት ከተማ፣ አንድ ሽፋሽፍት፣ ሌላ ሽፋሽፍት እያሉ ሦስት ቅዳሜ በአንድ ወረቀት ላይ መጎንበስ ቀላል አይደለም። ቬንትሌተሩ ሲከፈት ወረቀቱ ይበራል፣ ሲዘጋ ሰው ይቀልጣል።

ሦስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ አሥረኛውን ዓይን ካዩ በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክናል። ዓይኖቹ መመሳሰል ብቻ አይደለም፣ አንድ ናቸው። አንድ ዓይን ነው 19 ጊዜ የተሳለው። ከልጆቹ አንዱን "ይኼ የማን ዓይን ነው?" ብለን ጠየቅነው። ግራ ገባው። "የማንም አይደለም መምህር፤ ዓይን ነው" አለን። ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈን ይኸው መልስ ነው።

የነገሩ ምንጭ አይጠፋንም። በክፍሉ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ ከፎቶ ኮፒ ብዛት የደበዘዘ የአሳሳል መምሪያ አለ። ስልክ ያላቸው ደግሞ ያንኑ ነገር በቪዲዮ ያዩታል። መጀመሪያ ክብ ሥራ፣ ቀጥሎ የዓይን ቆብ፣ ከዚያ ነጥቡን ነጭ ተው፣ ከዚያ አጥቁር እያለ ደረጃ በደረጃ ይወስዳል። መምሪያውን ልናጣጥል አይደለም። የሚያስተምረው አብዛኛው ነገር እውነት ነው፤ ልጆቹም ተጠቅመውበታል። ዓይን ጠፍጣፋ ሳይሆን ወደ 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ መሆኑን፣ ቆቡ በዚያ ኳስ ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ሥጋ መሆኑን ከመምሪያው ነው የተማሩት። የላይኛው ቆብ የክቡን ጫፍ ትንሽ እንደሚሸፍን፣ ይህ ካልሆነ ሰውዬው የደነገጠ እንደሚመስልም አውቀዋል። ነጩ የዓይን ክፍል ነጭ አለመሆኑም ገብቷቸዋል፤ ይህንን ስናስተምር ብዙ ጊዜ የሚከብደን እሱ ነበር። ከቆቡ ሥር ጥላ አለ፣ ወደ ጥጎቹም ይጨልማል። ነጩን ንጹሕ ወረቀት አድርጎ የተወ ሰው እንቁላል ላይ ቁልፍ የሰፋ ይመስላል። በግድግዳው ላይ እንዲህ ያለ እንቁላል አንድም የለም፤ ለዚህ እጅ ነሥተናል።

ችግሩ ከክቡ ላይ ይጀምራል። በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ቀለም ያለውን ክብ ማለታችን ነው፤ አይሪስ ይሉታል። በ19ኙም ሥዕሎች ላይ ይህ ክብ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ፣ ከብሌኑ ወደ ዳር እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ የሚዘረጉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። እስቲ ይህንን የምታነቡ ሁሉ ጎናችሁ ያለውን ሰው ቀና ብላችሁ እዩ። የጎማ ሽቦ ይታያችኋል? ኢትዮጵያዊም ይሁን ኤርትራዊ፣ ሶማሌም ይሁን አፋር፣ የመናዊም ይሁን፣ እዚህ የምናገኘው ዓይን በአብዛኛው ጥቁር ቡናማ ነው። በክፍል ውስጥ ብርሃን ብሌኑና ክቡ የት እንደሚለያዩ ለማወቅ እንኳ ጠጋ ማለት ይጠይቃል። መምሪያውን ያዘጋጀው ሰው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ዓይን አስቀምጦ ሳለ፤ ላየው ነገር ታማኝ ሆኗል። የእኛ ልጆች ግን ያላዩትን ሳሉ። አንዲት ተማሪ የገዛ እናቴ ናት ብላ የሳለቻት ሴት የባሕር ማዶ ዓይን ተገጥሞላታል። የእናትየውን ዓይን እናውቀዋለን፤ ከሰል የመሰለ ነው።

"ታዲያ ሁሉን አጥቁረን ልንተወው ነው?" ያለን ተማሪ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በመምሪያው ውስጥ ስለሌለ ከሰው ፊት መፈለግ አለበት። ጥቁር ዓይን ሲያዩት ድፍን ጥቁር አይደለም። ከዓይን ፊት ያለው መስተዋት መሰል ሽፋን ብርሃንን ይሰበስባል። በመስኮት በኩል ከግራ ብርሃን ከመጣ፣ ነጩ የብርሃን ነጥብ በግራ በኩል ይታያል፤ ያው ብርሃን ወደ ውስጥ ገብቶ የክቡን ተቃራኒ ጎን፣ ማለትም ቀኙን፣ ትንሽ ያፈካዋል። ሻይ በብርጭቆ ይዛችሁ ወደ ፀሐይ ብትዘረጉት በአንድ ወገን ብልጭ ሲል በሌላው ወገን ሻዩ ቀላ እንደሚለው ማለት ነው። ጥቁር ዓይን ሕይወት የሚያገኘው ከዚያች ፍካት ነው። ሽቦ አያስፈልገውም። ከ19ኙ አንዱም ይህቺን ፍካት አላገኛትም፤ ሁሉም የብርሃን ነጥቡን አስቀምጠው ሌላውን ጎን ረስተውታል።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ እናስገባ፤ ስደተኛ ለሆነ አንባቢ ሳይጠቅም አይቀርም። ዓይን ለብዙ ስደተኞች መታወቂያ ከሆነ ቆይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ከፓኪስታን ወደ አገራቸው በሚመለሱ አፍጋናውያን ላይ በዓይን የመለያ መሣሪያ መጠቀም ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎችም አገሮች ተስፋፍቷል። መሣሪያው የሚያነበው ያንኑ ክብ ነው፤ በክቡ ላይ ያለው ዝርዝር ከሰው ሰው ይለያያልና፣ የመንታዎችም ጭምር። የሚገርመው ደግሞ መሣሪያው የሚጠቀመው እኛ የማናየውን፣ ከቀይ ብርሃን ማዶ ያለውን ጨረር መሆኑ ነው። በተራ ብርሃን የጥቁር ዓይን ዝርዝር ስለማይታይ፣ በዚያ ጨረር ሲታይ ግን ሸለቆውም ጉብታውም ቁልጭ ብሎ ስለሚወጣ ነው። እንግዲህ ዝርዝሩ አለ፤ ግን ለመሣሪያ እንጂ ለሰው አልተሰጠም። እርሳስ የያዘ ሰው ደግሞ የሚስለው ሰው ሲያይ የሚታየውን ነው። እናቱን በብሌኗ ዙሪያ ባለው መስመር የሚለይ ልጅ የለም።

ወደ እርሳሱ እንመለስ። ስለ ጥቁረት ካነሣን የእቃው ነገር መነገር አለበት፤ ሁሉንም ጥፋት በልጆቹ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። የዛሬው እርሳስ ግራፋይት ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ የሚጠበስ ነው። ዘዴውን ያወጣው ኮንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1795 ዓ.ም. ነው፤ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስለነበረ የእንግሊዝ ግራፋይት ወደ ፈረንሳይ መግባቱ ቀርቶ ነበር። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ ይፈዛል፤ "ኤች" የሚል ምልክት ያለው እሱ ነው። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፤ "ቢ" የሚባለው። እኛ የምናድለው የደብተር እርሳስ መሀል ላይ ያለው "ኤች ቢ" ነው። በእሱ ጥቁር ዓይን ለማጥቆር ልጆቹ ይጫኑታል፤ ሲጫኑት ወረቀቱ ይጎደጉዳል፣ ግራፋይቱም እንደ ብረት ያብለጨልጫል። ከጎን ቆማችሁ ብታዩት ከሁሉ ጥቁር መሆን የነበረበት ብሌን ከሁሉ የሚያበራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህንን ነገር በስድስት ሥዕሎች ላይ አይተናል። አንዱ ልጅ ግን መላ አበጅቷል፦ ለብሌኑ ብቻ ከእናቱ ምድጃ ከሰል አምጥቶ፣ በድንጋይ አሹሎ ተጠቅሟል። ከሰል አያብለጨልጭም። ያች ብሌን ጥልቅ ጉድጓድ ናት። ሥዕሉ ከመምሪያው የተቀዳ ቢሆንም ለዚህች ብሌን ብለን ሁለት ጊዜ ተመልሰን አየነው። (የ"ቢ" እርሳስ ይገዛልን የሚለው ጥያቄያችን እንዳለ ሆኖ።)

አሁን ደግሞ ከሌላ ወገን የሚመጣውን ክርክር እንይ። ከመምህራን ባልደረቦቻችን አንዱ ሥዕሎቹን አይቶ፣ "እንደ ፎቶ መሳል የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ የአሳሳል ወግ ሌላ ነው" አለ። ሌላው ደግሞ መለሰና "የእኛማ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይኑ ሁሉ የድስት ክዳን ያክላል፣ ምኑ ይኮረጃል?" ብሎ ሳቀ። በሁለቱም አልተስማማንም።

የአገራችንን የድሮ ሠዓሊዎች ሥራ ያየ ሰው ስለ ዓይን የነበራቸውን ጥንቃቄ ያውቃል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች አስታውሱ፤ ከታች ለቆመ ሰው ከፊታቸው ቀድሞ የሚታየው ዓይናቸው ነው። በዚያ ወግ ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አድርጎ በሁለት ዓይን ይሳላል። ከሃዲውና ጨካኙ በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ሁለት ዓይን ያለው ያይሃል፣ አንተም ታየዋለህ። በጎን ያለው ግን ከአንተ ጋር ዓይን ለዓይን አይገጥምም። ደብተራዎች በብራና በሚጽፉት ክታብ ላይም ዓይን አለ፤ በኮከብ ወይም በሐረግ መሀል ተቀምጦ አፍጥጦ የሚያይ። ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይለካል፤ ዓይኑ ደግሞ ዓይነ ጥላንና ቡዳን መልሶ እንዲያይ ነው የተሳለው። በዚህ ማመንና አለማመን የየራሳችሁ ነው። እኛ ያነሣነው፣ እነዚያ ሠዓሊዎች ዓይን የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይ ነገር መሆኑን አንድም ቀን ሳይረሱ መሥራታቸውን ለመናገር ነው።

ደግሞም ልብ በሉ፦ በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ዓይን በአብዛኛው አንድ ድፍን ጥቁር ክብ ነው፤ ብሌንና አይሪስ አይለይም። "እውነት አይመስልም" የተባለው የቤተ ክርስቲያን ዓይን፣ በዚህ በኩል "ፎቶ ይመስላል" ከተባለው ከግድግዳችን ዓይን ይልቅ የአገር ሰው ዓይን ነው። ይህንን የተናገርነው ልጆቹ ከእንግዲህ መላእክት ብቻ ይሳሉ ለማለት አይደለም። ሁለቱን አጣልቶ አንዱን መምረጥ አያስፈልግም፤ የቀደሙት አላጣሉትም። አለ ፈለገ ሰላም አሜሪካ ቺካጎ ተምረው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ይጠራል። አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ስሌድ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ትልቁን የመስተዋት ሥዕል ሠሩ። እንደ ፎቶ አድርጎ መሳልን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ የአገራቸውንም ሥዕል ያውቁ ነበር። ከግብፅ ፋዩም የተገኙትንም ሥዕሎች እዚህ ላይ ብንጠቅስ መልካም ነው። በእንጨት ላይ ብዙዎቹ በሰም ቀለም ተሥለው፣ በሮማውያን ዘመን በሙታን ፊት ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ወደ 2,000 ዓመት ሊሆናቸው ነው። ዓይናቸው ትልቅ፣ ጥቁር፣ የብርሃን ነጥብ ያለው ነው፤ ግን እያንዳንዱ የአንድ የታወቀ ሰው ዓይን ነው። ሲያዩት "ይህቺ ሴትዮ ነገረኛ ሳትሆን አትቀርም" ያሰኛል። ከእኛ 19 ዓይኖች ስለ አንዱም እንዲህ ማለት አልቻልንም።

ሌላም የሚጎድል ነገር አለ፤ ፀሐይ። የተሳሉት ዓይኖች ሁሉ በልቅጠው የተከፈቱ ናቸው። እዚህ ከተማ በስድስት ሰዓት በሜኒሊክ አደባባይ በኩል የሚያልፍ ሰው ዓይኑን በልቅጦ ሲሄድ አይታችኋል? ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ሰማይ፣ ባሕሩ ያንጸባርቃል፤ ኸምሲኑ ሲነሣ ደግሞ አቧራ። ሰው ሁሉ ዓይኑን አጥብቦ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ ነው የሚሄደው። ብሌንም እንደ ብርሃኑ ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ድረስ ትጠብባለች፣ ትሰፋለች። ቀትር ላይ ውጭ የቆመ ሰው ብሌኑ የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች። (ከሰዓት በኋላ፣ ጫት ከገባ ወዲያ ደግሞ የአንዳንዱ ሰውዬ ብሌን ያለ ጨለማ ትሰፋለች፤ ይህንን ለመታዘብ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም።) ሥዕል የሚማር ልጅ ይህንን ሁሉ በመንገዱ ላይ በነጻ ያገኘዋል፤ መምሪያው ላይ ግን የለም።

ይህንን ያየ አንድ ሥዕል በግድግዳው ላይ አለ። በበሩ በስተግራ፣ ሰው በማያየው ጥግ ነው የተሰቀለው፤ የሰቀለው መምህር ብዙም ሳይወደው አልቀረም። የግቢያችን ዘበኛ ናቸው፤ ልጆቹ በሶማሊኛ "አደር" እያሉ የሚጠሯቸው ሽማግሌ። የሳላቸው የ14 ዓመት ልጅ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው፤ እሳቸው ግን ፀሐይ ላይ ናቸው። ዓይናቸው ተዘግቶ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ብሌን የለም፣ አይሪስ የለም፣ የብርሃን ነጥብ የለም፣ ሽፋሽፍትም በሦስት ጭረት አልቋል። ያለው ቆብ፣ ከቆብ ሥር ያለ ከረጢት፣ ከዓይን ጥግ ወደ ጆሮ የሚሄድ የቆዳ እጥፋት ነው፤ በእጥፋቶቹ መሀል አንድ ጥቁር ስንጥቅ። ከዚያች ስንጥቅ ውስጥ ሰውዬው በሩን ያያሉ። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን ያለ መታወቂያ ሊያልፍ እንዳሰበ ያያሉ። ልጁ ጆሮውን አበላሽቶታል፣ ኮፍያውም ጭንቅላት ውስጥ ገብቷል። ግን ከ31ዱ ሥዕሎች ውስጥ ተመልካቹን የሚያይ ይህ ነው። በአምስተርዳም ያለውን ወጣቱ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1628 ዓ.ም. ገደማ ራሱን የሳለበትን ሥዕል ያየ ሰው፣ ዓይኖቹ በጥላ ውስጥ ተሠውረው ሳለ ሰውዬው እንደሚያፈጥብህ ያውቃል። ልጁ ሬምብራንትን አያውቅም። የዘበኛውን ዓይን ግን በየቀኑ ሲገባና ሲወጣ ያውቀዋል፤ ምናልባትም ይፈራዋል። ለዚህ ሥዕል ቦታ ይቀየርለት፣ በሩ ፊት ለፊት ይሰቀል ብለን ጠይቀናል።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ እንለፍ። ሁለት እጆችና አንድ ጫማ ጥሩ ናቸው። ሕይወት ያለውን መሳል አይገባም ከሚሉ ቤተሰቦች የመጡ ልጆች ጀበና፣ ፋኖስና የድሮውን ባቡር ጣቢያ ሠርተዋል፤ ጀበናው ከብዙ ዓይኖች ይልቅ ዓይን አለው ብንል ቀልድ አይደለም፤ በጎኑ ላይ የክፍላችን መስኮት ከነፍርግርጉ ተንጸባርቆ ይታያል። ዱሬር የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1500 ዓ.ም. ራሱን ሲስል በዓይኖቹ ውስጥ የመስኮት ነጸብራቅ አስገብቷል። ዓይን የሚስሉት ልጆች ከጎናቸው የተቀመጠውን ጀበና የሳለውን ልጅ ቢያዩ ኖሮ ያንን ነጭ ነጥብ ከመምሪያ ባልቀዱት ነበር።

የቀረው አንድ ሥዕል ነው፤ ስለ እሱ ለመጻፍ ከብዶን እስከ መጨረሻው አቆየነው።

የሳለችው የ17 ዓመት ተማሪ ናት። ሥዕሉ የወንድሟ ነው። ወንድሟ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር የሄደ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። የሳለችው ከአንዲት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ስፋቷ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በፎቶው ላይ ማኅተም ተመትቶበታል፤ የማኅተሙ ክብ ጠርዝ በግራ ዓይኑ ላይ ያልፋል። ስለዚህ የቀኝ ዓይኑ ይታያል፣ ግራው ግን በማኅተሙ ቀለም ተሸፍኗል። ልጅቷ ቀኙን ሳለች። ግራው ላይ ስትደርስ የማኅተሙን ቅስት መስመር በቀጭኑ አስምራ፣ ከሥሩ የቆቡን ጫፍ ብቻ አሳይታ ተወችው።

በዚህ ላይ እኛ መምህራን ተከራክረናል። አንደኛው ወገን፣ "ሥዕሉ አላለቀም፤ ቀኙን ገልብጣ ግራውን ትሙላው፤ የሰው ሁለት ዓይን ይመሳሰላል" አለ። አይመሳሰልም። ይህንን የሚያምን ሰው መስተዋት ፊት ቆሞ አንዱን ዓይኑን በእጁ እየሸፈነ ይሞክረው፤ አንዱ ቆብ ዝቅ ይላል፣ አንዱ ጥግ ወደ ላይ ይሄዳል። ገልብጣ ብትሞላው የተሟላ ፊት ይወጣ ነበር፣ ግን የወንድሟ አይሆንም። እሷ ራሷ ያለችን፣ "ይኼኛውን አላስታውሰውም መምህር፤ የማላስታውሰውን ብሠራው ሌላ ሰው ይሆንብኛል" ነው። ዓይን መሳል ምን ማለት እንደሆነ ከማናችንም በተሻለ ተናግራዋለች። ሌላው መምህር ደግሞ ሊያጽናናት ፈልጎ፣ "ወንድምሽ ዓይኑ ትልቅ ነበር" አላት። "ትልቅ ነው" ብላ አረመችው። ዝም አልን።

ሥዕሉ ጥሩ ነው ወይ? ብላችሁ ብትጠይቁን በአዘኔታ አንመልስም፤ እሷም አትፈልገውም። አፍንጫው ረዝሟል። ዓይኖቹ ከራስ ጫፍና ከአገጭ መሀል መዋል ሲገባቸው ወደ ግንባር ወጥተዋል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። የፀጉሩ ጥላ በሶፍት ተሽቶ ጭቃ ሆኗል። የቀኙ ዓይን ግን ልክ ነው። የፎቶ ቤት መብራት ስለሆነ የብርሃኑ ነጥብ ብሌኑ መሀል ላይ ወድቋል፤ መምሪያው ከላይ በጎን አድርጉት ቢልም እሷ ያየችበት ቦታ ላይ አስቀምጣዋለች። ክቡ ድፍን ጥቁር ነው፣ ሽቦ የለውም። በታችኛው ቆብ ላይ አንዲት ትንሽ ያበጠች ነገር አለች፤ ፎቶው ላይ ፈልገን አጣናት። ስንጠይቃት "ሕፃን ሆኖ ወድቆ ነው፤ ፎቶው አላወጣውም" አለች። እንግዲህ አንዱን ዓይን ከፎቶው አልፋ ስታስታውስ፣ ሌላውን ከፎቶው በታች ተወችው። እንባ የሳለችበት ቦታ የለም። 19ኙ ዓይኖች ሁሉ ሲያለቅሱ፣ የሚለቀስበት ምክንያት ያለው ይህ ዓይን ደርቆ ቀጥ ብሎ ያያል። ለእነዚያ እንባዎች ያለንን ትዕግሥት የጨረሰው ይኸው ሥዕል ነው።

ልጅቷ ሥዕሉ በዜና መጽሔቱ ላይ እንዲወጣ ትፈልጋለች። ካምፕ ውስጥ ያለ ሰው አይቶ "የት አየሁት" የሚል አይጠፋም ብላ ነው። ሞክረነዋል። ፎቶ ኮፒያችን ግራጫውን ሁሉ ወደ ጥቁር ስለሚለውጠው ቀኙ ዓይን ጉድጓድ ሆኖ፣ የማኅተሙ ቀጭን መስመር ደግሞ ጭራሽ ጠፍቶ ወጣ። እንዲያ አድርገን ልናወጣው አልፈለግንም። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ወደ አሊ አዴ ከሚሄደው የመጻሕፍት ሣጥን ጋር ዋናውን ሥዕል በሁለት ካርቶን መሀል አድርገን እንልከዋለን፤ በመጻሕፍት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆይና ወደ ሆልሆል ያልፋል። በፕላስቲክ ይሸፈንልን፣ እጅ አይንካው፤ በእርሳስ የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል።